ውሃው ይሄዳል፣ ዚንኩ ይቀራል፦ ስለ ብረት ፕራይመር ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት ሦስት ሰዎች አንድ ጽሑፍ ላኩልኝ። ሁለቱ በያጆች ናቸው፣ አንዱ የቦቴ ባለቤት። ሦስቱም ከሥሩ የጻፉት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ይሄ ነገር እውነት ነው?»

ጽሑፉ በቲነር ፋንታ በውሃ ስለሚሠራ የብረት ፕራይመር ነው። ፕራይመር ማለት ብረቱን በቀጥታ የሚነካው የመጀመሪያው እጅ ቀለም ነው፤ እኛ ሠፈር በአብዛኛው አንቲረስት የምንለው። ጸሐፊው በመርከብ ብረት ላይ የውሃ ፕራይመር ይቀባል መባሉን ሰምተው ተቆጥተዋል። ሐሳባቸውን አሳጥሬ ላስቀምጠው። ውሃና ብረት ጠላት ናቸው፤ ስለዚህ በውሃ የተበጠበጠ ቀለም ብረት ላይ መቀባት ዝገት መዝራት ነው ይላሉ። እውነተኛ የመርከብ ፕራይመር አንድ ጠብታ ውሃ አይነካውም ይላሉ። ለማስረጃም የጎረቤታቸውን በር ያነሳሉ፤ ከግድግዳ በተረፈ የውሃ ቀለም ተቀብቶ በሳምንቱ ዝገት አወጣ። የቲነር ሽታ የቀለሙ ጉልበት ነው፤ ዚንክ ለእኛ ትርፍ ወጪ ነው፤ ቀዩ አንቲረስት ዝገቱ ላይ ቢቀባም ዝገቱን ይበላዋል። የውሃ ፕራይመር ለአገራችን አየር አይሆንም፣ ውድም ነው። በመጨረሻም ባሕር የሌለን ሰዎች ስለ መርከብ ቀለም ማውራታችን ምን ሊረባን ነው ብለው ይዘጋሉ።

እኔ ከባቦጋያ የባሕር ማሠልጠኛ ወጥቼ አራት ዓመት በመርከብ ሞተር ክፍል ሠርቻለሁ። አሁን አዳማ ላይ ትንሽ የብረታ ብረት ወርክሾፕ አለኝ። የሮቶ ማቆሚያ፣ የቦቴ አካል፣ የመጋዘን ቋሚ እንሠራለን። ጸሐፊው ልክ የሆኑበት ቦታ አለ፤ እሱን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። የተሳሳቱበት ግን የሰው ሳንባ የሚነካ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ከመጨረሻው ልነሳ፣ አጭር ስለሆነ። ባሕር የለንም ማለት ከባሕር የመጣ ብረት የለንም ማለት አይደለም። ሞጆ ደረቅ ወደብ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። ጨው የቀመሰ ኮንቴይነር በየቀኑ በከተማችን ዳር ያልፋል። የአፍዴራን ጨው የሚያመላልሱ መኪኖች ሻንሲያቸው ተበልቶ ወደ ጋራዦቻችን ይገባሉ። ቀና ብንል ደግሞ ኮረብታው ላይ የነፋስ ኃይል ማማዎች አሉ። አዳማ አንድ 34፣ አዳማ ሁለት 102። ሁሉም ብረት ናቸው፤ ሁሉም በቀለም ተሸፍነው ነው ፀሐይና ዝናብ የሚችሉት። መርከብ ላይ የተማርነው ነገር እዚህ የሚሠራበት ቦታ ሞልቷል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ውሃና ብረት ጠላት ናቸው የሚለውን ማንም አይክድም። ግን ዝገት እንዴት እንደሚነሳ ካላየን ጠላቱን የሌለበት ቦታ እንፈልገዋለን። ብረት እንዲዝግ ውሃና ኦክስጅን አንድ ላይ ሆነው ብረቱ ላይ መቆየት አለባቸው። እርጥብ ብረት ላይ ትንንሽ ባትሪዎች ይፈጠራሉ። አንድ ነጥብ ላይ ብረቱ ኤሌክትሮን እየለቀቀ ይሟሟል። ኤሌክትሮኑ በብረቱ ውስጥ ተጉዞ ሌላ ነጥብ ላይ ይወጣል፤ እዚያ ኦክስጅንና ውሃ ይቀበሉታል። ይህ እንዲቀጥል እርጥበቱ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ አለበት። ጨው ሲኖርበት በደንብ ያስተላልፋል። የባሕር ውሃ ከአዋሽ ውሃ ይልቅ ብረትን ቶሎ የሚበላው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ዋናው ቃል «መቆየት» ነው። ቀለም ውስጥ ያለው ውሃ ሊቆይ አልመጣም። ሥራው ሌላውን ነገር ተሸክሞ ብረቱ ላይ ማድረስ ነው። ሲያደርስ ይሄዳል። የእንጀራ ሊጥ አብዛኛው ውሃ ነው። ምጣዱ ላይ ሲያርፍ ውሃው እንፋሎት ሆኖ በዓይኑ በኩል ይወጣል። የወጣውን እንጀራ «ይሄ ውሃ ነው» የሚል የለም። ቤታችንን የቀባንበት ፕላስቲክ ቀለምም ያው ነው። በውሃ በጥብጠን ቀባነው። ከደረቀ በኋላ የሐምሌ ዝናብ ሲወርድበት ተመልሶ አይበጠበጥም።

ለብረት ሲሆን ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይጠነክራል። ከውሃ ፕራይመሮች መካከል የታወቀው የዚንክ ሲሊኬት ነው። ፖታሲየም ወይም ሊቲየም ሲሊኬት (ከአሸዋ የሚሠራ ውህድ ነው) ውሃ ውስጥ ይሟሟል። እዚያ ላይ ደቃቅ የዚንክ ዱቄት ይገባል። ብረቱ ላይ ሲቀባ ውሃው ይተናል። የቀረው ሲሊኬት ከዚንኩ ጋር ይያያዛል፤ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስዳል፤ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ከዚያ በኋላ ውሃ አያሟሟውም።

«እውነተኛ የመርከብ ፕራይመር አንድ ጠብታ ውሃ አይነካውም» ላሉት ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር ልንገራቸው። በመርከብ ግንባታ በብዛት የሚሠራበት የቲነሩ ዚንክ ሲሊኬት ራሱ ያለ ውሃ አይደርቅም። ቲነሩ ይተናል፣ ግን ቀለሙ የሚጠነክረው ከአየር ላይ እርጥበት ስቦ ነው። አየሩ በጣም ደረቅ ከሆነ ቀለሙ ለስላሳ እንደሆነ ይቀራል፤ በጥፍር ይፋቃል። ያን ጊዜ ቀቢዎቹ ምን ያደርጋሉ? ውሃ ይረጩበታል። የአዳማን የጥር አየር የሚያውቅ ሰው ይህ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

አሁን ጸሐፊው ልክ ወደሆኑበት ቦታ ልምጣ። ባዶ ብረት ላይ ውሃ ያለበት ቀለም ሲቀባ፣ ሳይደርቅ ብዙ ከቆየ፣ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። ይህ እውነት ነው። በእኔም ደርሷል። ክረምት ነበር፤ ለዝናቡ ብለን የወርክሾፑን በር ዘግተን ነበር። ገና ከግራይንደር የወጣ ላሜራ ላይ የውሃ ፕራይመር ቀባሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስመለስ ላሜራው የሰናፍጭ ፍሬ የተበተነበት መስሏል። ያን ቀን እኔም «ውሃ ለብረት አይሆንም» ብዬ ነበር።

ጥፋቱ ግን የውሃው ብቻ አልነበረም። ግቢው ተዘግቶ አየሩ በእርጥበት ጠግቧል። ውሃው የሚሄድበት አጥቶ ብረቱ ላይ ተኛ። ለብረት ተብሎ የሚሠራ የውሃ ፕራይመር ይህን የመጀመሪያ ሰዓት ዝገት የሚያግድ ኬሚካል ይጨመርበታል፤ ያም ሆኖ ንፋስ ይፈልጋል። አሁን በር ከፍተን፣ ቬንቲሌተር አስነስተን ነው የምንቀባው። ነጠብጣቡን ካየሁት ቆይቷል።

የጎረቤታቸው በር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ራሳቸው እንደጻፉት ቀለሙ ከግድግዳ የተረፈ ነው። የግድግዳ ቀለም ለግድግዳ ነው የተሠራው። ዝገት የሚያግድ ነገር የለበትም፤ ዚንክ የለበትም። በዚያ በር የውሃ ፕራይመርን መፍረድ ኬሮሲን ተጨምሮበት በቆመ የቤንዚን መኪና ቤንዚንን መውቀስ ነው።

መርከብ ሠሪዎች አይነኩትም የሚለውን እንይ። እዚህ ላይ ቀስ ብለን መለያየት አለብን፤ መርከብ አንድ ቦታ ብቻ አይደለምና። ከውሃ መስመር በታች ያለው አካል ዕድሜውን ሙሉ ባሕር ውስጥ ነው። እዚያ ዛሬም የሚቀባው በአብዛኛው ውሃ የሌለበት ወፍራም ኤፖክሲ ነው፤ ኤፖክሲ ከማጠንከሪያ ጋር ተደባልቆ የሚጠነክር ቀለም ነው። የባላስት ታንክም እንዲሁ። ባላስት ታንክ መርከቧ ሚዛን እንድትጠብቅ የባሕር ውሃ የምትሞላበት ክፍል ነው። ጸሐፊው ስለነዚህ ብቻ ቢጽፉ ኖሮ እኔም እስማማ ነበር። የውሃ ቀለም ሁሉንም ይተካል የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል።

የመርከብ ብረት ግን መርከብ ከመሆኑ በፊት ረጅም ጊዜ ላሜራ ሆኖ ይቆያል። ከፋብሪካ ይመጣል፣ ግቢ ይከማቻል፣ ይቆረጣል፣ ይበየዳል። በዚህ መካከል ወራት ያልፋሉ። እንዳይዝግ ገና ሲገባ ከፋብሪካ ለብሶት የመጣው ቅርፊት በብናኝ ብረት ምት ይነሳና ስስ ፕራይመር ይረጭበታል። ውፍረቱ ከ15 እስከ 25 ማይክሮን ነው፤ የፀጉር አንድ ሦስተኛ ገደማ ማለት ነው። ስስ የሆነው በላዩ ላይ መቁረጥና መበየድ እንዲቻል ነው። ይህ ሥራ በማሽን፣ ጣሪያ ሥር፣ መስመር ላይ የሚሠራ ነው። ላሜራው ከመረጨቱ በፊት ሞቅ ይደረጋል። ታዲያ ለውሃ ከዚህ የተሻለ ቦታ የት ይገኛል? ብረቱ ሞቃት፣ ሽፋኑ ስስ፣ አየሩ የሚንቀሳቀስ። ውሃው በደቂቃዎች ውስጥ ይሄዳል። ለዚህ ሥራ የሚሆነው የቲነር ፕራይመር ግን በአንድ ሊትር ውስጥ ከግማሽ ኪሎ በላይ ወደ አየር የሚበተን ፈሳሽ ይይዛል። በአንድ የመርከብ ግቢ የሚቀባውን ላሜራ ብዛት አስቡት።

ደግሞም ይህ የትናንት ፈጠራ አይደለም። አውስትራሊያ ውስጥ ቪክቶር ናይቲንጎል የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በውሃ የሚሠራ ዚንክ ሲሊኬት ሠራ። ከሞርጋን እስከ ዋያላ የተዘረጋው፣ እ.ኤ.አ. በ1944 የተጠናቀቀው፣ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የውሃ ቧንቧ የተቀባው በእሱ ነው። መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ ፀሐይና የባሕር አየር እየመታው አሥርተ ዓመታት ቆየ። ያኔ ቀለሙን ለማጠንከር ማጋል ያስፈልግ ነበር፤ በኋላ የመጡት በራሳቸው ይጠነክራሉ። ናሳም የማስወንጨፊያ ማማዎቹ ባሕር ዳር ስለሆኑ ዝገት አስቸግሮት ነበር። ሳይንቲስቶቹ የደረሱበት በፖታሲየም ሲሊኬትና በዚንክ የሚሠራ ፕራይመር ነው። መሠረቱ ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኒው ዮርክ ያለው የነጻነት ሐውልት ሲታደስ የውስጥ የብረት አጥንቱ የተቀባው በዚሁ ዓይነት ነው።

ለእኛ የሚቀርበው ግን ሞጆ ያለው ኮንቴይነር ነው። የዓለምን ኮንቴይነር አብዛኛውን የምትሠራው ቻይና ናት። አምራቾቿ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2017 ጀምሮ ለደረቅ ጭነት ኮንቴይነር ወደ ውሃ ቀለም ተሻግረዋል። ከሥር ዚንክ የበዛበት ፕራይመር፣ መሐል ኤፖክሲ፣ ላይ አክሪሊክ። ሦስቱም በውሃ። ከዚያ ወዲህ የተሠራውን ኮንቴይነር መርከብ ጫፍ ላይ አስቀምጠው ማዕበል እየመታው ቀይ ባሕርን አቋርጠው ያመጡልናል። ጸሐፊው አንድ ቀን ሞጆ ሄደው በሩ ላይ የተለጠፈውን የተመረተበትን ዓመት ያንብቡና ብረቱን በእጃቸው ይዳስሱት።

ስለ ሽታው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ይኸው ነጥብ ስለሆነ።

«ሽታው ካልመታህ ቀለም አይደለም» የሚባለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ሽታው ግን የሚሄደው ነገር ነው። ብረቱ ላይ የሚቀር ቢሆን ኖሮ አፍንጫችን ባልደረሰ ነበር። ብረቱን የሚጠብቀው የሚቀረው ነው። ቲነርም እንደ ውሃው ተሸካሚ ብቻ ነው። ልዩነቱ ውሃ ሲተን ማንንም አይጎዳም፤ ቲነር ሲተን ወደ ሰው ይገባል። ቶሉኢንና ዛይሊን የሚባሉት ራስ ያዞራሉ፣ ያስታውካሉ፣ ሲበዙ ራስ ያስታሉ። ትነታቸው ከአየር ይከብዳል፤ ስለዚህ ታንክ ውስጥ ወደ ታች ይወርዳል። የቀቢው አፍንጫ ያለውም እዚያው ታች ነው። ከአየሩ አንድ በመቶ ገደማ ሲሆኑ ደግሞ አንዲት ብልጭታ ታንኩን በሙሉ ታፈነዳዋለች።

ከጥቂት ዓመት በፊት እዚሁ ከተማ አንድ ጋራዥ ውስጥ የውሃ ቦቴ ከውስጥ ሲቀባ ነበርኩ። የገባው ልጅ ሃያ ዓመት አይሞላውም። አንቲረስት በቲነር አቅጥነው ሰጡት። መብራት በገመድ አወረዱለት። ቬንቲሌተር የለም፤ አፉ ላይ ያሰረው ጨርቅ ነው። መጀመሪያ ይዘፍን ነበር። ከዚያ ንግግሩ እንደ ሰካራም ተወላገደ። ውጭ ያሉት ሳቁ። ከዚያ ዝም አለ። ጓደኛው ትንፋሹን ይዞ ገብቶ በእግሩ ጎትቶ አወጣው። ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። ወተት አጠጡት። ተርፏል፤ ግን ለቀናት ራሱን ይዞ ነው የዋለው። የሚያመኝ በማግሥቱ ሌላ ልጅ መግባቱ ነው።

ወተቱን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል፤ ቀቢዎቻችን ሁሉ ስለሚያምኑበት። ወተት ከሳንባ የገባን ቲነር አያወጣም። ትነቱ የሚገባው በሳንባ ወደ ደም ነው፤ ወተቱ የሚገባው ሆድ ነው። የሚያድነው አየር ነው። አየር የሚነፋ ማሽን፣ በር ላይ የሚጠብቅ ሰው፣ ገመድ። ከሁሉ በፊት ደግሞ መርዙን አስቀድሞ አለማስገባት። የውሃ ፕራይመርን የምወደው በዋናነት ለዚህ ነው።

ይህን ስል የውሃ ፕራይመር ምንም አይጎዳም ማለቴ አይደለም። ሲረጭ ብናኙ ሳንባ ይገባል፤ ማስክ ያስፈልጋል። ኤፖክሲ ከሆነ ማጠንከሪያው ቆዳ ያሳክካል፤ ጓንት ያስፈልጋል። ዚንክ የተቀባ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ ብርድ ብርድ ያሰኛል፣ ያተኩሳል። በያጆች ያውቁታል። ከብየዳው መስመር ግራና ቀኝ ፕራይመሩን ፍቆ ማንሳት ነው። እንዲሁም ሰው የሚጠጣው ውሃ የሚቀመጥበት ታንክ ውስጥ ለመጠጥ ውሃ የተፈቀደ ቀለም ብቻ ነው መግባት ያለበት፤ የዚንክ ፕራይመርም፣ ቀዩ አንቲረስትም አይገባም።

ዚንክ ትርፍ ወጪ ነው ስለተባለው። መርከብ ላይ የሠራ ሰው ይህን ሲያነብ ያዝናል። የመርከብ ሆድ ላይ እንደ ጡብ የሚመስሉ የዚንክ ቁራጮች ይበየዳሉ። መርከቧ ለጥገና ስትወጣ ቁራጮቹ ተበልተው፣ ተቦርቡረው ታያቸዋላችሁ። ብረቱ ግን ደህና ነው። ዚንክ ኤሌክትሮኑን ከብረት ቀድሞ ይሰጣል። ስለዚህ ሁለቱ ተነካክተው ውሃ ውስጥ ሲገቡ የሚበላው ዚንኩ ነው። በብረቱ ፈንታ ይሞታል። ዚንክ የበዛበት ፕራይመር ይህንኑ ነገር ብረቱ ላይ በሙሉ ያለብሳል። ደረቁ ሽፋን ውስጥ በክብደት ቢያንስ 80 በመቶ ዚንክ እንዲኖር የሚጠየቀው ቅንጣቶቹ እርስ በርስና ከብረቱ ጋር እንዲነካኩ ነው። ቀለሙ ድንጋይ መትቶት ቢጫር እንኳ ጭረቱ ዳር ያለው ዚንክ ብረቱን ይጠብቀዋል።

ቀዩ አንቲረስት ይህን አያደርግም። ቀይ ያደረገው የብረት ኦክሳይድ ነው። ከዝገት ጋር ወንድማማች የሆነ ነገር ማለት ነው። መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ጋሻ ነው። ሳይሰነጠቅ እስካለ ድረስ ውሃን ያዘገያል። ሲጫር ግን ብረቱ ለብቻው ይቀራል። ለመስኮት ፍርግርግ ይበቃል። የአፍዴራ መንገድ ለሚመላለስ ሻንሲ አይበቃም።

«ዝገቱ ላይ ቢቀባም ይበላዋል» የሚለው ግን ፈጽሞ እውነት አይደለም። አብዛኛው ሥራችን የሚበላሸውም በዚህ እምነት ነው። ምንም ቀለም ውሃን ሙሉ በሙሉ አይከለክልም። ትንሽ ትንሽ ያሳልፋል። ከሥሩ ጨው ካለ ጨው ውሃውን ይስበዋል። ቀለሙ እንደተቃጠለ ቆዳ ውሃ ይቋጥራል። ቋጠሮው ሲፈርጥ ከውስጥ ዝገት ይወጣል። ለአዲስ መርከቦች የባላስት ታንክ የወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ ለዚህ ነው ጨውን በሚሊግራም የሚቆጥረው። በአንድ ካሬ ሜትር ከ50 ሚሊግራም በላይ ጨው ካለ አይቀባም። ያንኑ አድርጎ፣ በጠቅላላው 320 ማይክሮን ቀብቶ፣ ሽፋኑ 15 ዓመት እንዲያገለግል ይታሰባል።

ታዲያ ያን ጨው ከብረቱ ላይ የሚያነሳው ምን ይመስላችኋል? ቲነር ጨው አያሟሟም። ቲነር ቅባት ያነሳል። ጨው የሚነሳው በንጹሕ ውሃ ብቻ ነው። መርከብ ለቀለም ስትዘጋጅ መጀመሪያ የምታገኘው ነገር ኃይለኛ የውሃ እጥበት ነው። እኛም ከጅቡቲ መስመር የመጣ ሻንሲ ሲገባ በመጀመሪያ በሳሙናና በውሃ አጥበን፣ አድርቀን፣ ከዚያ ነው ግራይንደርና ሽቦ ብሩሽ የምናነሳው። በደረቁ ብቻ የፋቃችሁት ዝገት ጨውን ጉድጓዱ ውስጥ ጠቅጥቆ ይተወዋል።

አዲስ ላሜራም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። ከፋብሪካ ሲወጣ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ቅርፊት ለብሶ ነው። ጠንካራ ስለሚመስል ብዙዎች እላዩ ላይ ይቀባሉ። ቅርፊቱ በኋላ ይላቀቃል፤ ቀለሙን ይዞ ይወድቃል። በተሰነጠቀበት በኩል ደግሞ ከሥሩ ያለውን ብረት ይበላል። የዚንክ ፕራይመር በቲነርም ይሁን በውሃ ባዶ፣ ሻከር ያለ ብረት ካላገኘ አይሠራም። ሰንድብላስት የማድረግ፣ ማለትም ብረቱን በኃይል በሚረጭ አሸዋ የማጽዳት፣ አቅም የሌለው ሰው ዚንክ ሲሊኬት ባይገዛ ይሻለዋል። ለእጅ ጽዳት የሚሆኑ ሌሎች የውሃ ፕራይመሮች አሉ፤ የኤፖክሲና የአክሪሊክ። እነሱን ይውሰድ።

ስለ አየራችን ብዙ አልልም፣ ነገሩ የተገለበጠ ስለሆነ። የውሃ ቀለም የሚፈራው ብርድና እርጥበት ነው። ብዙውን ጊዜ ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይደርቅም፣ ዕቃው ውስጥ በረዶ ከሠራ ይበላሻል። ይህ የሰሜን አውሮፓ ችግር ነው። የአዳማ በጋ ሞቃት፣ ደረቅ፣ ነፋሻ ነው። እዚህ የሚያስቸግረን ቶሎ መድረቁ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ የመታው ብረት እጅ ያቃጥላል። እዚያ ላይ ዚንክ ሲሊኬት ወፈር አድርጎ የቀባ ሰው ቀለሙ ውሃው እንደሸሸው የኩሬ ጭቃ ሲሰነጠቅ ያያል። አቧራውም አለ፤ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሳ እርጥብ ቀለም ላይ አሸዋ ይለጥፋል።

እኛ የምንቀባው ጠዋት ከ3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ነው። ጤዛው ሄዷል፣ ብረቱ ገና አልጋለም፣ ንፋሱ አልተነሳም። ደንቡ ቀላል ነው። ብረቱ ጤዛ ከሚይዝበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ መብለጥ አለበት፤ የአየሩ እርጥበት ከ85 በመቶ ማለፍ የለበትም። ይህ ደንብ ለቲነር ቀለምም ያው ነው። መለኪያ የሌለው ሰው እርጥብ ጨርቅ ብረቱ ላይ ይሳብ። እርጥበቱ በሩብ ሰዓት ውስጥ ካልጠፋ ያን ቀን ብሩሽ አያንሳ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ብዙ ቀን እንዲህ ይሆናል፤ እንጠብቃለን።

ዋጋው ላይ ጸሐፊው ሊትር ከሊትር አወዳድረዋል። ሊትር ግን ብረት አይሸፍንም። የሚሸፍነው ከደረቀ በኋላ የሚቀረው ነው። ይህ ጥጥር ይባላል፤ ከቀለሙ ይዘት (ከክብደቱ ሳይሆን) ስንት በመቶ እንደሆነ ዕቃው ወይም መግለጫ ወረቀቱ ላይ ይጻፋል። በ10 አባዙት፣ በምትፈልጉት ማይክሮን አካፍሉት፤ አንድ ሊትር ስንት ካሬ ሜትር እንደሚሸፍን ይነግራችኋል። 40 በመቶ ጥጥር ያለው ቀለም በ40 ማይክሮን 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ ባክኖ የሚቀረውን ሳንቆጥር። 30 በመቶ ከሆነ 7 ተኩል። አንቲረስት ገዝታችሁ በቲነር ስታቀጥኑት የከፈላችሁበትን ወደ አየር እየበተናችሁ ነው። ብሩሽና ስፕሬይ ማጠቢያ የሚሄደውን ቲነርም ደምሩበት። ከዚህ ሁሉ በኋላ የውሃው አንዳንዴ ይወደዳል፣ አንዳንዴ ይረክሳል። እኔ ወርክሾፕ ልዩነቱ ጎልቶ አልታየኝም።

ጸሐፊው «አንድ ሰው በዓይኔ ያሳየኝ» ብለዋል። ወርክሾፑ ጣሪያ ላይ፣ ንፋሱ በሚመጣበት በኩል፣ አራት ቁራጭ ላሜራ ካለፈው መስከረም ጀምሮ ታስሯል። አራቱም በመስቀለኛ እስከ ብረቱ ድረስ ተጭረዋል። በየሳምንቱ ጨው ያለበት ውሃ እንረጭባቸዋለን። አንዱ በደንብ ጸድቶ ቀይ አንቲረስት የተቀባ ነው፤ ጭረቱ ዙሪያ ዝገቱ ጣት ያህል ሰፍቶ ቀለሙን አንስቶታል። ሁለተኛው ዝገቱ ላይ አንቲረስት የተቀባ ነው፤ አሁን ቀለሙ በእጅ ይላጣል። ሦስተኛው በእጅ ጸድቶ የውሃ አክሪሊክ ፕራይመር የተቀባ ነው፤ ጭረቱ ላይ ዝጓል፣ ግን ብዙ አልሰፋም፤ ታችኛው ጠርዙ ላይ አሳስተን የቀባንበት ቦታ ነጠብጣብ አውጥቷል። አራተኛው ሰንድብላስት ተደርጎ የውሃ ዚንክ ሲሊኬት የተቀባ ነው። ጭረቱ ላይ ነጭ ዱቄት ወጥቶበታል። የዚንክ ዝገት ነው። ቀይ ግን የለበትም። ከጸሐፊው ጋር ቆመን ልናያቸው ደስ ይለኛል፤ መሰላሉን እኔ እይዛለሁ።